ከቀዶ ጥገና በኋላ ስለሚመለሰው የሴቶች ነቀርሳ

ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ነውና በቤት ውስጥ የሚደርሰውን ደስታ ብቻ ሳይሆን ጭንቀቱንም መመልከት ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ ጨርሶ በስሙ ስለማይጠራ አንድ በሽታ ለመጻፍ አስበናል። ይኸውም በሴት ብልት በውጭው ክፍል፣ ማለት በከንፈሮቹና በዙሪያቸው ባለው ቆዳ ላይ የሚወጣው ነቀርሳ ነው፤ ነቀርሳ ማለታችንም ዛሬ ሕዝቡ ሁሉ ካንሰር የሚለውን ነው። ሐኪሞች ይህን በሽታ ከማኅፀን በር ነቀርሳ ለይተው ያዩታል። የማኅፀን በር ነቀርሳ በውስጥ የተሰወረ ስለሆነ ያለ መሣሪያ አይታይም። ይኸኛው በቍጥር ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም በቆዳ ላይ ያለ ነውና በዓይን ይታያል፤ በጣትም ይዳሰሳል። እንዲህ ግልጥ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም የሚደርሰው ዘግይቶ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

የመዘግየቱም ምክንያት ድኽነት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ባላቸውና ከሐኪም ቤት አጠገብ በሚኖሩትም ዘንድ ይገኛል። በቋንቋችን ይህ የሰውነት ክፍል ኀፍረተ ሥጋ ይባላል። ቃሉ ጨዋ ቃል ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን በዚያ ሥፍራ ቁስል የወጣባት ሴት የሥፍራው ስም ራሱ «ዝም በይ» የሚላት ሆኖ ይሰማታል። ስለ ልብና ስለ ኩላሊት ሕመም በእንግዳ ፊት ሳይቀር የሚነጋገር ቤተ ሰብ፣ ስለዚህኛው ግን በጓዳም አይነጋገርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ከሁሉ በላይ ለዚህ በሽታ የተነገረ ይመስለናል።

ስለ በሽታው አጀማመር የሚነገረው ብዙ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ከቀዶ ጥገና በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ የተዘነጋ ጊዜ ነውና። ሐኪሙ ነቀርሳውን ቆርጦ ካወጣ፣ ቁስሉም ከደረቀ በኋላ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት በልቧ ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች። አንደኛው «ይመለስብኝ ይሆን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ቢመለስብኝስ እድናለሁን?» የሚል ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ለመስጠት ሐኪሙ አስቀድሞ «የተመለሰው በየት ሥፍራ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በሥፍራው ልዩነት የሕይወትና የሞት ያህል ልዩነት አለና፤ የዛሬው ጽሑፋችን ቁም ነገርም ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እግሩን እሾህ የወጋው ወይም ቁስል ያመረቀዘበት ሰው በብሽሽቱ ንፍፊት እንደሚወጣበት ባላገሩ ሁሉ ያውቃል። በእግርና በብልት አካባቢ ያለው የሰውነት ውሃ በቀጫጭን ቧንቧዎች እየተጣራ የሚያልፈው በብሽሽት ንፍፊቶች በኩል ስለሆነ ነው። የብልት ነቀርሳም ሥፍራውን ለቆ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ብሽሽት፣ ከዚያም በዳሌ ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶች ይገባል። ስለዚህ ሐኪሞች የአንዲትን ሴት የወደፊት ሁኔታ ለመገመት ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት የነቀርሳውን ትልቅነት ሳይሆን በብሽሽቷ ንፍፊት ውስጥ መግባቱንና አለመግባቱን ነው። ነቀርሳው ወደ ቆዳው ውስጥ የገባው ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ሲሆን ወደ ንፍፊት የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነውና ብሽሽቷን መንካት አያስፈልግም።

የጥንቶቹ ሐኪሞች ይህን መንገድ ባወቁ ጊዜ በሽታውን ከነመንገዱ ቆርጦ ማውጣት ይገባል አሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም አንቷን ባሴ በ1912 ብልቱንና የሁለቱን ብሽሽቶች ንፍፊት ባንድነት የማውጣትን ሥርዓት ጻፈ። ከእርሱ በኋላ በአሜሪካ በሴንት ልዊስ ከተማ ፍሬዴሪክ ታውሲግ፣ በእንግሊዝ አገርም ስታንሊ ዌይ ሥርዓቱን አስፋፉት። ተቆርጦ የሚወጣው ሥጋ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ስለሚመስል ቀዶው በዚያው ስም ይጠራ ነበር። በዚህ ቀዶ ጥገና ቀድሞ ይሞቱ ከነበሩት ብዙዎች ተርፈዋል። ሆኖም ዋጋው ከባድ ነበር። ቁስሉ ተከፍቶ ለብዙ ሳምንት ይቆያል፤ እግር ለዘለዓለም ያብጣል፤ የጋብቻ ኑሮም ይፈርሳል። ከ1980 ወዲህ ባሉት ዓመታት ሐኪሞች ቀዶውን እየቀነሱ፣ ለብልቱና ለያንዳንዱ ብሽሽት ልዩ ልዩ መክፈቻ እያደረጉ፣ ጤነኛውን ሥጋ ማትረፍ ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ አንድ ፍርሃት ተነሣ። ቀዶውን ብናሳንስ በሽታው ይመለስ ይሆን የሚል ነው። ይህን ፍርሃት በሚዛን የመዘኑት በሆላንድ አገር በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያሉት ሊቃውንት ናቸው፤ ሥራውንም የመሩት ፕሮፌሰር አቴ ቫን ደር ዜ ነበሩ። እነርሱም በነቀርሳው ዙሪያ ሰማያዊ ቀለምና ጥቂት ጨረር ያለው ፈሳሽ ይወጋሉ፤ ፈሳሹ ሄዶ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ንፍፊት ፈልገው ያወጡታል። ይህን ንፍፊት እኛ ዘበኛ ንፍፊት ብንለው ያስማማል፤ ሌባ ወደ ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚገናኘው በደጅ ከቆመው ዘበኛ ጋር ነውና። ዘበኛው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የቀሩት ሳይነኩ ይተዋሉ። በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ 403 ሴቶችን በዚህ ሥርዓት መርምረዋል። ነቀርሳቸው ከ4 ሴንቲሜትር ያነሰና አንድ ብቻ የሆነ፣ ዘበኛ ንፍፊታቸውም ንጹሕ ሆኖ የተገኘ 259 ሴቶች ነበሩ። ከነዚህ በብሽሽታቸው በሽታው የተመለሰባቸው 6 ብቻ ሲሆኑ፣ ሦስት ዓመት በሕይወት የቆዩትም ከመቶ 97 ያህሉ ናቸው። የእግር እብጠት የቀረባቸው ዘበኛው ብቻ ከወጣላቸው ከመቶ 2 ያህሉ ሲሆኑ፣ ንፍፊታቸው ሁሉ ከወጣባቸው ግን ከመቶ 25 ያህሉ ነበሩ። ይህን የመሰለ መልካም ወሬ በነቀርሳ ሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ነገር ግን እነዚያ ሊቃውንት መልካሙን ወሬ ጽፈው አላረፉም፤ እኛም የምናመሰግናቸው ይልቁንም ስለዚህ ነው። እነዚያኑ ሴቶች ለብዙ ዓመት ሲከታተሉ ቆይተው የ377ቱን ታሪክ በ2016 አሳተሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶ 27 ያህሉ በዚያው በብልታቸው ላይ በሽታው እንደ ተመለሰባቸው ተገኘ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ቍጥሩ ከመቶ ወደ 40 ደረሰ። ዘበኛ ንፍፊታቸው ንጹሕ የነበረውም ሴቶች ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም፤ በአምስት ዓመት ከመቶ 25 ያህሉ፣ በአሥር ዓመት ከመቶ 36 ያህሉ ተመልሶባቸዋል። እንግዲህ በብዙ ነቀርሳ እንደሚደረገው አምስት ዓመት ከሞላ በኋላ «ጨረስሁ፣ ዳንሁ» ብሎ ከሐኪም መለየት በዚህ በሽታ የተሳሳተ ነው። ከተመለሱት መካከል ጥቂት የማይባሉት የሚመለሱት ሴቲቱ ሐኪሟን ከረሳች በኋላ ነውና።

ቀድሞ ብዙ ሐኪሞች በብልት ላይ የሚመለሰውን እንደ ቀላል ነገር ይቈጥሩት ነበር፤ እንደገና ይቈረጣል፣ ይድናልም ይሉ ነበር። ይህ በብዙው እውነት ነው። ትንሽ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ቢሆንም ከግሮኒንገን የወጣው ቍጥር ነገሩ ፈጽሞ ቀላል አለመሆኑን አሳይቷል። በብልታቸው ላይ ካልተመለሰባቸው ሴቶች መካከል ከመቶ 90ዎቹ በአሥር ዓመት ውስጥ በዚህ በሽታ አልሞቱም፤ ከተመለሰባቸው መካከል ግን ከመቶ 69ኙ ናቸው። ሰባ ከመቶ ያህል መዳን ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ዘግይታ የመጣችና ቀድማ የመጣች ሴት በዚያ ቍጥር ውስጥ እኩል ዕድል አላቸው ማለት አይደለም።

በብሽሽት ንፍፊት የሚመለሰው ከዚህ በጣም የተለየ ነው። እርሱ ጥቂቶችን የሚያገኝ፣ ብዙውን ጊዜም ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ የሚመጣ፣ ከመጣም በኋላ ጥቂቶች ብቻ የሚተርፉበት ነው። ወደ ሳንባ፣ ወደ ጕበትና ወደ አጥንት የሄደውም እንደዚሁ ነው፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ቢያስረዝም እንጂ ከሥሩ የሚነቅለው ከስንት አንዱን ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ጊዜ በብሽሽት ላይ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ከምንም በላይ ነው። ነቀርሳ በንፍፊት ውስጥ ከተገኘ የጨረር ሕክምና ይጨመርበታል። በአሜሪካ በ1986 በታተመ ጥናት በብሽሽታቸው ነቀርሳ የተገኘባቸው 114 ሴቶች በሁለት ተከፍለው ነበር። በዳሌያቸው ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች በቀዶ ከወጡላቸው መካከል ሁለት ዓመት የኖሩት ከመቶ 54 ሲሆኑ፣ በጨረር ከታከሙት ግን 68 ነበሩ። የግሮኒንገን ሰዎችም በ2021 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ በዘበኛው ንፍፊት ውስጥ የተገኘው ነቀርሳ ከ2 ሚሊሜትር የማይበልጥ ከሆነ ጨረር ብቻውን እንደሚበቃ፣ በሁለት ዓመት ውስጥም በብሽሽት የተመለሰባቸው ከመቶ ሁለት እንደማይሞሉ አስረዱ። ከ2 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን ግን ጨረር ብቻውን አልበቃም፤ ከመቶ 22ቱ ተመለሰባቸው፤ ንፍፊታቸው ሁሉ በቀዶ የወጣላቸው ግን 7 ያህል ነበሩ። ባገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎችም ከተሞች መከፈት ጀምሯል። ከሩቅ አገር ለምትመጣ ሴት ጨረሩ በየቀኑ ለብዙ ሳምንት የሚሰጥ መሆኑን ቤተ ሰቦቿ አስቀድመው አውቀው ማረፊያ ሊያዘጋጁላት ይገባል።

አሁን ደግሞ በሽታው በብልት ላይ ስለምን ይመለሳል የሚለውን እንመልከት። ሐኪሙ ሲቆርጥ ነቀርሳውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ሥጋም ጨምሮ ይቆርጣል፤ ጥቂት ዘር እንዳይቀር ነው። በ1990 በአሜሪካ የ135 ሴቶች ታሪክ ተመርምሮ ጤነኛው ጠርዝ 8 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነላቸው መካከል አንዲቱም እንዳልተመለሰባት ስለ ተጻፈ፣ ይህ ቍጥር ለብዙ ጊዜ እንደ ሕግ ተይዞ ነበር። በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ወሰኑን እንዲህ አጥብቀው አላገኙትም። ጠርዙ ሰፊ ሆኖም የሚመለስበት ጊዜ አለና። ምክንያቱን ገበሬ ያውቀዋል። አረም ከማሳ የሚመለሰው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ሥሩ ሳይነቀል ቀርቶ፣ ወይም መሬቱ ራሱ ያንን አረም የሚያበቅል ሆኖ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመለሰው ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ከታመመው ቆዳ እንደ አዲስ የበቀለ ሌላ ነቀርሳ ነው።

መሬቱን የሚያበላሹት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ ነው፤ ይልቁንም በዕድሜ ገና የሆኑትን ይይዛል፤ ትምባሆ የሚያጨሱትን፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውንም ሴቶች ይበረታባቸዋል። ሁለተኛው በአሮጊቶች ዘንድ የሚበዛው ላይከን ስክሌሮሰስ የተባለ የቆዳ በሽታ ነው። ቆዳው ይነጣል፣ ይሳሳል፣ እንደ ወረቀት ይሰነጠቃል፣ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ማሳከክ ያመጣል። ከቫይረሱ የመጣው ነቀርሳ በሕክምና የተሻለ ፍጻሜ ያለው ሲሆን ከዚህኛው የመጣው ግን ይበልጥ ይመለሳል። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መደብ ሁለቱ እንደ ሁለት ልዩ ልዩ በሽታ ተለይተው ተጽፈዋል። ሴቲቱም ነቀርሳዋ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሐኪሟን ጠይቃ ማወቅ ይገባታል።

ለላይከን ስክሌሮሰስ ርካሽ መድኃኒት አለው፤ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ቅባት ነው። በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ይህ በሽታ የነበረባቸውን 507 ሴቶች ተከታትሎ፣ እንደ ታዘዘላቸው አዘውትረው ከተቀቡት 357 መካከል በአንዲቱም ነቀርሳ ወይም ነቀርሳን የሚቀድም የቆዳ ለውጥ እንዳልወጣ፣ ትእዛዙን በሙሉ ካልጠበቁት 150 መካከል ግን በ7ቱ እንደ ወጣ ተናግሯል። እነዚህ ሴቶች ቀድሞ ነቀርሳ የነበረባቸው አይደሉም። ሆኖም ከቀዶ ጥገና በኋላ ይህ የቆዳ በሽታ የቀረባት ሴት ቅባቱን እንድትተው የሚመክር ሐኪም አናውቅም። ማሳከኩ ሲቆም መቀባቱን መተው በሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ አቁሚ እስኪላት ድረስ እንዳትተወው እናሳስባለን።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ እንድትታይ ያዝዛሉ። ነገር ግን በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ በዚያ ጊዜ ዘበኛው ሴቲቱ ራስዋ ናት። በወር አንድ ጊዜ ደጅ ዘግታ፣ ብርሃን ባለበት ሥፍራ ትንሽ መስተዋት ይዛ ሥፍራውን ማየት፣ ብሽሽቷንም በጣቶቿ መዳሰስ ይገባታል። የማይድን ቁስል፣ አዲስ እባጭ፣ የነጣ ወይም የቀላ ቆዳ፣ የማይለቅ ማሳከክ፣ ሽንት ሲያልፍ የሚያቃጥል፣ የሚደማ ነገር፣ በብሽሽት የጠጠረ ንፍፊት ካገኘች ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ትሂድ። ዓይኗ የደከመ አሮጊት ከሆነች ልጇ ወይም ምራቷ ታይላት። አማች ለምራት ማሳየት ነውር ነው የሚሉ ቢኖሩ፣ ነውሩ በሆስፒታል ደጅ ላይ ከሚደርሰው እንደሚያንስ እንነግራቸዋለን።

ለባሎችም አንድ ቃል አለን። በዚህ ቀዶ ጥገና ያለፈች ሴት ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራት ባሏ እንዳይጸየፋት ነው። ነቀርሳ በመገናኘት አይጋባም፤ ቫይረሱ የሚተላለፍ ቢሆንም ብዙ ሰው በዕድሜው አግኝቶት የሚያልፍ ነውና ማን አመጣው ብሎ መካሰሻ ሊሆን አይገባውም። ባል ከሚስቱ ጋር ወደ ሐኪም ቢሄድ፣ የቀጠሮውንም ቀን ቢያስታውስ ለቤቱ ትልቅ ነገር ያደርጋል። ባለ ሥልጣን የሆነም ሰው በበታቹ የምትሠራ ሴት ለሐኪም ቀጠሮ ፈቃድ ስትጠይቀው የበሽታዋን ስም እንድትነግረው አያስገድዳት።

ስለ እግር እብጠትም ጥቂት እንበል። ብሽሽቷ የተቀደደ ሴት እግሯ ቢያብጥ ሁልጊዜ በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ንፍፊቶቹ ከወጡ በኋላ ውሃው መሄጃ ስላጣ ነው። የሚያጠብቅ የሕክምና ካልሲ መልበስ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቆዳውን ከቁስልና ከእሾህ መጠበቅ ይረዳል። ባዶ እግር መሄድ አይገባም። እብጠቱ በድንገት የጨመረ፣ የቀላ፣ ያተኮሰ ወይም የሚያም ከሆነ ግን ቍጣ ወይም የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ለሴቶች ልጆቻችን የሚሆነው መጠበቂያ ደግሞ ክትባቱ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 በታኅሣሥ ወር የቫይረሱን ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ ስለ ማኅፀን በር ነቀርሳ የታሰበ ቢሆንም ከቫይረሱ የሚመጣውንም የብልት ነቀርሳ የሚከላከል ነውና ቤተ ሰብ ልጁን ከትምህርት ቤት በዚያ ቀን እንዳያስቀር እንለምናለን።

በመጨረሻም ስለ አንድ ወረቀት እናሳስባለን። ከቀዶ ጥገና በኋላ የተቆረጠው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ የሚጻፈው ውጤት ነቀርሳው ምን ያህል ጥልቀት እንደ ነበረው፣ ጤነኛው ጠርዝ ምን ያህል እንደ ሰፋ፣ ስንት ንፍፊት ወጥቶ በስንቱ ነቀርሳ እንደ ተገኘ ይናገራል። ይህን ወረቀት ተቀብሎ ከቤትና ከመሬት ወረቀቶች ጋር በሣጥን ማኖር ይገባል። በሽታው በአሥረኛው ዓመት ቢመለስ፣ ያን ጊዜ የሚያያት ሐኪም መጀመሪያ የቆረጣት ሐኪም ላይሆን ይችላልና።